ድሬ ሳትፈርም የገባችበት ድርጅት

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ልሁን ብላ ያመለከተችው በጥር 1995 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጢም አውጥቶ ባጃጅ ይነዳል። ተደራዳሪዎቻችን ጄኔቫ ይመላለሳሉ። ጥያቄ ይመጣል፣ መልስ ይሄዳል፣ በመልሱ ላይ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ምስኪኖች! እኛን ድሬዎችን ቢያማክሩን ኖሮ ያ ሁሉ የአውሮፕላን ትኬት ባልወጣ ነበር። እኛ ከገባን ቆይተናል አቦ።

በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና እዚህ ድሬ ላይ ሲከፈት እንኳን ብዙም አልደነቀንም። የኮንትሮባንድ ዕቃ የሚቸበቸብበት ታይዋን ሰፈራችን ታዲያ እስከዛሬ ምን ነበር?

ይህን ሕዝብ ማመስገን ይገባል። እኛ ሩዝ ስንገዛ ሩዙን አናይም፣ ጆንያውን ነው የምናየው። ጆንያው ላይ ማንበብ የማንችለው ጽሑፍ ካለ ጥራቱ ተረጋገጠ ማለት ነው። ቀፊራ ገበያ ሄዳችሁ እዩ። ከሐረማያ የመጣች እናት ድንቿን መሬት ላይ ዘርግታለች። ጎንበስ እንልና "ይሄ ደግሞ አፈሩ በዛ፣ ቀንሺ እንጂ" እንላታለን። ድንች ከአፈር ሌላ የት እንዲበቅልልን እንደፈለግን እግዜር ይወቀው። እሷን አስለቅሰን ጥቂት ብር ካስቀነስን በኋላ ሱቅ ገብተን የጣሳ ሳልሳ እንገዛለን። እዚያ ክርክር የለም። "ከጅቡቲ የገባ ነው" ከተባለ ጨዋታው አለቀ። የእኛው ቲማቲም በመኪና ተጭኖ ወደ ጅቡቲ እንደሚወርድ ማን ትዝ ይለዋል? እሱ ጥሬውን ይወርዳል፣ የሩቅ አገር ዘመዱ በዚያው መንገድ በጣሳ ሆኖ ይወጣልናል። ዝምድና ነው።

ወተት ላይ ደግሞ ጥንቃቄያችን ለጉድ ነው። የገጠር ሴቶች ንጋት ላይ የላምና የግመል ወተት ይዘው ይመጣሉ። "ውኃ ሳትጨምሩበት አትቀሩም" እንላቸዋለን። ቤት ገብተን የዱቄት ወተት ከጣሳ እናወጣና ራሳችን ውኃ እንጨምርበታለን።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ለወረቀት ያለንን አመለካከት ነው። በሌሊት በበረሃ ተሻግሮ የመጣ መኮሮኒ ምንም ወረቀት አይጠየቅም። ደክሞት መጥቶ እንዴት ይጠየቃል? የሐረርጌ ገበሬ ቡና ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ ቡናው ከ2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ካልተተከለበት መሬት መምጣቱ ይረጋገጥ ይላል። የማሳው መገኛም በካርታ ቁጥር ይገለጽ ይላል። የሚተገበርበት ቀን እየተራዘመ ነው እንጂ ሕጉ አለ። ደን መጠበቁን ማን ይጠላል! ብቻ ከጓሮው ጥቂት እግር ቡና ያለው ሰውዬ በሳተላይት እየታየ፣ እኛ ጓዳ ያለው ጆንያ የትውልድ አገሩን እንኳ ሳይጠየቅ መኖሩ ደስ ይለኛል።

ደግሞ አውሮፓ በሩን ዘጋብን እንዳንል፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደኛ ላሉ ድሃ አገሮች ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም ነገር ያለ ቀረጥ ይግባ ብሏል። የተቆላ ቡናም ይገባል። እኛ ግን ይሉኝታችን አልፈቀደም፤ ዛሬም በአብዛኛው ጥሬውን ነው የምንልከው። መቁላቱን አንድ እግር ቡና ለሌላት ለጀርመን ትተንላታል። ቆልታ ለሌላ አገር ትሸጣለች፣ ይመቻት።

የገበሬው ነገር ትንሽ ወደኋላ ያስኬደኛል። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡና አምራቾችና ገዢዎች የሚስማሙበት ዓለም አቀፍ ውል ነበር። ማን ስንት ይሸጥ የሚለው በኮታ ይወሰናል፣ ዋጋውም እንዳይወድቅ ይደገፋል። በሐምሌ 1989 እ.ኤ.አ. ኮታው ቀረ። ለሐረርጌ ገበሬ ማን ነገረው? ዋጋው ራሱ መጥቶ ነገረው። ከዚያ ትንሽ አንሰራራና በ2001 እ.ኤ.አ. ዋጋው እንደገና ተንኮታኩቶ በዓለም ገበያ አንድ ፓውንድ ቡና ከግማሽ ዶላር በታች ሆነ። ፓውንድ ማለት ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም፣ ግን ከዚያ ላይ ነጋዴውን፣ መኪናውን፣ መርከቡን ቀንሱና ለገበሬው የምትተርፈውን አስቡ። ሰውዬው አሰበና ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ።

እዚህ ላይ ነው የከተማችን አስተዋይነት ጎልቶ የሚወጣው። ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለን፣ ትራስ ደግፈን፣ "ይሄ ገበሬ እኮ አላዋቂ ነው፣ ቡናን የሚያክል ነገር ነቅሎ ጫት!" እያልን በቁጭት እንቅማለን። ቁጭቱ ከምርቃናው ጋር ከፍ ይላል። ውይይቱ ሲጦፍ ተጨማሪ እናስመጣለን።

ጫቱም ቢሆን ብዙ አልተወለትም። ኔዘርላንድስ በ2013፣ ብሪታንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ከለከሉ። ለንደን ላይ የሆነ ሰው እጁን ሲያወጣ አወዳይ ላይ የአንድ ሰው ገቢ ይቀንሳል። ይህን ዓይነት ትስስር ነው ግሎባላይዜሽን የሚሉት፣ እኛም በጣም እንደግፈዋለን።

ሲምፖዚየሞቻችንን ሳላወድስ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ገበሬውን የሚመለከት ስምምነት በመጣ ቁጥር ሐረር ወይ ድሬ ሆቴል ውስጥ የግንዛቤ ማስጨበጫ ይዘጋጃል። ባነሩ ላይ የገበሬው ፎቶ አለ፣ ስለዚህ ራሱን መጥራት አያስፈልግም። አቅራቢው "ገበሬያችን ተወዳዳሪ መሆን አለበት" ይላል፣ እናጨበጭባለን። ከማን ጋር ነው የሚወዳደረው ብሎ የሚጠይቅ ነገረኛ እስካሁን አልገጠመኝም። የአውሮፓ ኅብረት ከበጀቱ ሲሶ የሚጠጋውን ለግብርና ነው የሚያወጣው። በ2015 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ ሀብታሞቹ አገሮች የግብርና ኤክስፖርት ድጎማን እናቆማለን ብለው ተስማምተዋል፣ ይመሰገናሉ። አገር ውስጥ ለገበሬዎቻቸው የሚሰጡት ድጎማ ግን ሌላ ፋይል ነው፣ ያ ፋይል አልተዘጋም። የእኛው ሰው በበኩሉ የማዳበሪያ ዋጋ ሲሰማ ቁጭ ብሎ ነው የሚሰማው። እንግዲህ ይወዳደር።

በሻይ ዕረፍት ላይ ጣሳ ቡና በሙቅ ውኃ ይቀርባል። አንዱ ተሳታፊ፣ መቼም የአዲስ አበባ ሰው መሆን አለበት፣ አስተናጋጇን "እህቴ፣ ሐረር ድረስ መጥቼ የሐረር ቡና የለም?" አላት። ልጅቷ ትሪዋን እንደያዘች በትሕትና መለሰችለት።

"ጋሼ፣ እሱ እኮ ለኤክስፖርት ነው።"