ንጉሥህን በኪሴ አታሸክመኝ

ወገኖቼ፣ ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። የኋላ ወንበር ላይ ለአራት ተጣበን ተቀምጠናል። ከፊታችን ያለ አንድ ወጣት ስልኩን አጠገቡ ለተቀመጡ አባት አሳያቸው። የሆነ ሰው በኮምፒውተር የሠራው ባለ 200 ብር ነው። መሐሉ ላይ የዐፄ ምኒልክ ፊት አለ። «እንዲህ ነበር መሆን ያለበት!» አለ ልጁ። «ለምን ተብሎ?» አሉ ሰውዬው። በቃ። ታክሲው ጦር ሜዳ ሆነ።

አንዱ ቴዎድሮስ አለ። ሌላው «ዮሐንስ ምን በደሉ?» አለ። አንዲት እናት ጣይቱን አነሱ። ከጋቢና አንድ ሰው «አበበ ቢቂላ!» ብሎ ጮኸ። ለጥቂት ሰከንድ ሁሉም የተስማማ መሰለ። ከዚያ አንዱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አበበ ግን የየት አገር ልጅ ነው?» ጎተራ ሳንደርስ ስድብ ተጀመረ።

እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ስላንገበገበኝ ነው አሁን የምናገረው። ተግሳጽ ነውና ቢጎመዝዛችሁም ስሙኝ።

ልብ ብላችሁ ካዳመጣችሁት ይህ ክርክር ስለ ሟቾቹ አይደለም። ምኒልክን ማክበር የፈለገ ሰው ፎቷቸውን ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅላል። የካቲት 23 ሲሆን ፒያሳ ሄዶ ሐውልታቸው ሥር ይቆማል። ለልጁ ታሪካቸውን ይነግራል። ማንም አልከለከለውም። ብር ግን ሌላ ነው። ብር እምቢ አይባልም። ደመወዝህ በእሱ ይመጣል፣ ሽንኩርት በእሱ ትገዛለህ፣ የቤት ኪራይ በእሱ ትከፍላለህ። አያቴን አስለቅሷል ብለህ የምታምነው ሰው ፊቱ ብሩ ላይ ቢኖር፣ «እኔ ይህን ሰውዬ አልይዝም» ብለህ ሽንኩርት ሻጯን በምን ልትከፍላት ነው? ስለዚህ «የኔ ጀግና ብር ላይ ይውጣ» ስትል የምትጠይቀው ክብር አይደለም። ጎረቤትህ ሳይወድ በግዱ እንዲሸከመው ነው። ይኼን ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ። ደስ የሚልህም እሱ ነው።

ይህን የምለው ለምኒልክ ወዳጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ። «የነሱ ከወጣ የኛስ?» እያላችሁ የየራሳችሁን ሰው ይዛችሁ የምትሰለፉትም ያው ናችሁ። ለአንዱ ምኒልክ ማለት አድዋ ነው። ለሌላው አኖሌ ነው። ሁለቱም ከቤቱ የሰማውን ነው የያዘው። ይህን ቋጠሮ የብር ኖት ላይ ፊት በመለጠፍ የሚፈታ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየን። ደግሞ ሒሳቡን ሥሩት። የወረቀት ብሮቻችን አምስት ዓይነት ናቸው። 5፣ 10፣ 50፣ 100 እና 200። ብሔር ብሔረሰቦቻችን ከ80 በላይ። በየትኛው ልትከፋፈሉ ነው? የአምስት ብሩስ ለማን ሊደርሰው ነው? «ትንሿን ለኛ ሰጡን» የሚል ሌላ ኩርፊያ ደግሞ ይመጣል። አንድ ወዳጄ «ድንቅነሽ ትውጣ፣ ከሷ ጋር የተጣላ የለም» ብሎኝ ነበር። እሷንም ቢሆን አጥንቷ የተገኘው አፋር ነው። የክልል ጥያቄ ይነሳባታል።

ለመሆኑ ብርን ብር የሚያደርገው ፊት ነው እንዴ? አባቶቻችንን እንጠይቃቸው። ለረጅም ዘመን የተገበያዩት በማርትሬዛ ነው፤ ጠገራ ብር በምንለው። ፊቷ የታተመው ሴትዮ ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ገዢ ነበረች። ኢትዮጵያን አይታት አታውቅም። የሞተችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1780 ነው። ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላም ብሩ ያንኑ 1780 እየተጻፈበት ይመታ ነበር። የኛ ነጋዴ ሴትየዋ ማን እንደሆነች፣ የማን ልጅ እንደሆነች አልጠየቀም። ጌጧ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ቆጠረ። ብሩ እንዳልተፋቀና እንዳልተሸረፈ አየ። ከሞላ ተቀበለ፣ ከጎደለ መለሰ።

ከዚያ ዐፄ ምኒልክ የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር ፓሪስ አስመቱ። 1887 ዓ.ም. የሚል አለበት። በሚቀጥለው ዓመት አድዋ ላይ ጣልያንን ድል አደረጉ። ከዚያ የበለጠ ዝና ያለው ፊት ከየት ይመጣል? ገበያው ግን ማርትሬዛን አልለቀቀም። ለአድዋ ዘምቶ የተመለሰው ገበሬ ሳይቀር በሬውን ሲሸጥ የፈረንጇን ሴትዮ መረጠ። ምኒልክን ጠልቶ ይመስላችኋል? ብሯን ስለሚያውቃት ነው። ንጉሡን በጦር ሜዳ አከበረ፣ ገበያ ላይ ደግሞ የብሩን ልክ አየ። ሁለቱን ነገር አላምታታም። እናንተ ናችሁ የምታምታቱት።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ አዲሱን የወረቀት ብር ያወጡት ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው፤ በልደታቸው ቀን። ከአንድ ብር እስከ አምስት መቶ ብር ሁሉም ላይ የሳቸው ፊት ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። በመንገዱ ዳር ሰዉ «ሌባ! ሌባ!» ይላቸው ነበር። ያ ሰው እንግዲህ የጮኸው ኪሱ ውስጥ የሳቸውን ፊት ይዞ ነው። ብሩ እስከ 1969 አልተቀየረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደርግ ለወታደሮቹ ደመወዝ የከፈለው ባወረደው ንጉሥ ፊት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። ፊት ብር ላይ ማተም ማለት ይኼ ነው። ሰውየው ያልፋል፣ ፊቱ ግን ካዝና ውስጥ ቁጭ ብሎ ያፈጥብሃል።

ደርግን የማመሰግንበት ነገር የለኝም ማለት ይቻላል። እዚህች ላይ ግን አንድ ነጥብ እሰጠዋለሁ። በጥቅምት 1969 ብሩን ሲቀይር የሊቀ መንበሩን ፊት ማተም ይችል ነበር። ማን ይከለክለዋል? ሊቀ መንበሩ ያኔ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ነበሩ። አራት ወር ሳይሞላ ተገደሉ። ፊታቸው ታትሞ ቢሆን ኖሮ ብሩ ሳይሸበሸብ ሰውየው ባልኖሩ። ደርግ ያተመው ግን ስም የሌላቸውን ሰዎች ነው። አንድ ብር ላይ ሕፃን ልጅ። አምስት ብር ላይ ቡና ለቃሚ። አሥር ብር ላይ ስፌት የምትሰፋ ሴት። መቶ ብሩ ጀርባ ላይ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው። ሃምሳው ላይ የጎንደር ግንብ። ኢሕአዴግ ሲመጣ ብዙ ነገር አፍርሷል፤ እነዚህን ሰዎች ግን አላነሳቸውም። በመስከረም 2013 ብሩ ሲቀየርና ባለ 200 ሲጨመርም የገዢ ፊት አልወጣም። ሦስት መንግሥት በምንም ነገር አልተስማማም፣ በዚህ ተስማማ። እኛ ታክሲ ውስጥ ልንሽረው እንሟገታለን።

ጎረቤታችን ኬንያ ከኛ ብሳ አይታዋለች። ጆሞ ኬንያታ ፊታቸውን አተሙ፣ ሞይ ሲመጡ የራሳቸውን አተሙ። ኬንያውያን ታከታቸውና በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አስገቡት። በገንዘብ ላይ የማንም ግለሰብ ምስል አይወጣም፤ አንቀጽ 231። ነገሩ ግን በዚህ አልቆመም። በ2019 አዲሶቹ ኖቶች ሲወጡ ናይሮቢ ያለው ትልቁ የስብሰባ አዳራሽ ታተመባቸው። ከሕንፃው ፊት ለፊት የጆሞ ሐውልት አለ። ሐውልቱም አብሮ ታተመ። ሰዎች «በጓሮ በር አስገባችሁት» ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ተሸነፉ። እኔ ብሆን እፈርድላቸው ነበር። ሕጉን ያወጡት ለምን እንደሆነ የገባቸው እነሱ ናቸው።

አሜሪካ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ክርክር ከኛ በላይ የምታጋግሉት እናንተ ናችሁና አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እናንተ አገር በሕይወት ያለ ሰው ፊት ገንዘብ ላይ አይታተምም። ሕጉ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 ነው። ምክንያቱ ደግሞ ያስቃል። ስፔንሰር ክላርክ የሚባል የገንዘብ ኅትመቱ ኃላፊ ባለ አምስት ሳንቲም ወረቀት ላይ የራሱን ፊት አትሞ ተገኘ። ምክር ቤቱ ተቆጣና ከለከለ። ሃያ ዶላሩንም ታውቁታላችሁ። ከባርነት አምልጣ ሌሎችን ነጻ ያወጣችው ሀሪየት ተብማን በአንድሩ ጃክሰን ፈንታ ትወጣለች ከተባለ፣ በእናንተው አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ እየጠበቃችሁ ነው። ሀብታሟና የተደላደለችው አገር እንኳ አንድ ፊት ለመቀየር ይህን ያህል ዓመት ታሻለች።

አውሮፓውያኑ ግን ብልሆች ናቸው፤ ወይም ፈሪዎች። የዩሮን ወረቀት ሲያወጡ የማንም ሰው ፊት አላተሙም። ድልድይ አተሙ። እሱንም የየትኛው አገር ድልድይ ነው እንዳይባል በዓለም ላይ የሌለ ድልድይ ሳሉ። ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። ሮተርዳም አጠገብ ያለች አንዲት የኔዘርላንድ ከተማ ያንን የሌለ ድልድይ እንዳለ ሠራችው። ሰባቱንም። ሰው ባለቤት የሌለው ነገር ሲያይ አያስችለውም።

ወደ ራሳችን ልመለስ። እሺ፣ ፊቱ ይውጣ እንበል። ከዚያስ? ብር እንዴት እንደምንይዝ ረሳችሁት? በምራቅ አርሰን አዝማሪ ግንባር ላይ የምንለጥፍ ሰዎች ነን። ጀርባው ላይ ስልክ ቁጥር እንጽፋለን። የፍቅር ደብዳቤ የተጻፈበት አንድ ብር ስንት ጊዜ ደርሶኛል። ጨምድደን ጡታችን ሥር እንወሽቃለን፣ ካልሲ ውስጥ እንከታለን። ሥጋ ቤት በጮማ እጅ ይቆጠራል። የምትሞቱለትን ንጉሥ እዚህ መሐል ልትጥሉት ነው? ሠርግ ቤት መሬት ላይ ተበትኖ ስትረግጡት ትዝ አይላችሁም? ወይስ ያኔ ደግሞ «ጀግናችን ተረገጠ» ብላችሁ ሌላ ጠብ ትጀምራላችሁ? እኔ መገመት አያቅተኝም።

በጣም የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ብሩ ፊት ይህን ያህል የምንጮኸው ስለ ብሩ አቅም አንዲት ቃል ሳንተነፍስ ነው። በደርግ ጊዜ አንድ ዶላር በመንግሥት ምንዛሪ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። አያቶቻችን ዕንቁ የሚቆጥሩት ብሩ ውስጥ ያለው ንጥር ብር እንዳይጎድል ነበር። ዛሬ ብራችን ውስጥ ንጥር ነገር የለም። ወረቀት ነው። ታዲያ ምን ያቆመዋል? ወደ ውጭ የምንልከው ነው። ከዚያ ውስጥ ደግሞ ከዋነኞቹ አንዱ ቡና ነው። በዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያመጣው።

እንግዲህ ቡናውን ማን ይለቅመዋል? አምስት ብሩ ላይ ያለው ሰውዬ። በ2013ቱ ቅያሪ ሳይነካ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ስሙን አናውቅም። ጅማ ይሁን ሲዳማ፣ ወለጋ ይሁን ይርጋጨፌ የጠየቀ የለም። ማለዳ ተነስቶ ቀዩን ከአረንጓዴው እየለየ፣ እሸት ቡናውን በኪሎ አስመዝኖ የሚሸጠው እሱ ነው። መድኃኒቱ የተገዛው፣ ነዳጁ የተገዛው፣ ያ ታክሲ ራሱ የሚሄደው እሱ ባመጣው ዶላር ነው። ለኔ ከነገሥታቱ ሁሉ ይልቅ ብር ላይ መውጣት የሚገባው ይህ ሰው ነው። ደግሞም ወጥቷል! ከ1969 ጀምሮ እዚያው ነው። እኛ ነን ያላየነው። ስም የለውማ። ዘሩን ጠርተን የምንፎክርበት አይደለማ።

ያን ቀን ሳሪስ ደርሰን ስንወርድ ረዳቱ ለዚያ ወጣት አምስት ብር መለሰለት። ብሩ መሐል ለመሐል ተቀዶ በፕላስተር ተጣብቋል። ፕላስተሩ ቡና ለቃሚው ፊት ላይ አርፏል። ልጁ ገልበጥ አድርጎ አየና መለሰለት። «ይሄ አይሰራም፣ ቀይርልኝ» አለው። ረዳቱ «ከየት ላምጣ?» አለ። ሊጨቃጨቁ ሲሉ የኔን ደህናዋን አምስት ብር ለልጁ ሰጠሁትና የተቀደደውን ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሱቅ ሞክሬያለሁ። የተቀበለኝ የለም።