ድስት ይዞ ግብዣ

ዋሽንግተን አካባቢ፣ በተለይ እኛ በበዛንበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካዊ ጓደኛችሁ ለፊልም ምሽት ሲጠራችሁ አስቀድሞ ሰንጠረዥ ይልካል። ማን ሰላጣ፣ ማን ዋና ምግብ፣ ማን ጣፋጭ እንደሚያመጣ የሚሞላበት ነው። ፖትላክ ይሉታል። ከጎኑ የማይስማማ ምግብ የሚጻፍበት ዓምድ አለ፤ አንዱ ኦቾሎኒ አይነካም፣ አንዷ ሥጋና ወተት ትታለች፣ ሌላው ስንዴ ሆዱን ያውከዋል። ለምሽቱም ጭብጥ ይወጣለታል፤ ፊልሙ የጣሊያን ከሆነ ምግቡም አለባበሱም የጣሊያን ይሆናል። ግብዣው የሚያበቃበት ሰዓት ሳይቀር ተጽፏል፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል። አገር ቤት እንግዳ የሚወጣበትን ሰዓት ጽፎ የሚልክ ሰው ቢገኝ ሽማግሌ ይላክበት ነበር።

ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት ይህን ሲሰሙ «ሰው ጠርታ ምግባችሁን ይዛችሁ ኑ አለች?» ብለው አዘኑ። እውነት አላቸው። እኛ ምግብ ተሸክመን የምንሄደው ለቅሶ ቤት ነው። ሐዘንተኛ ምድጃው ጋ አይቆምምና ጎረቤት እዝኑን ይዞ ይገባል። ለደስታ ግን ደጋሹ ራሱ ይደግሳል። ለሠርግ ጎረቤት ሽንኩርት ይከትፋል፣ እንጀራ ይጋግራል፤ ወጪው ግን የባለቤቱ ነው። ማኅበርም ቢሆን በተራ ነው፤ ተራው የደረሰው ያበላል፣ ሌላው ይበላል። ስለዚህ በደህና ቀን ድስት ታቅፎ በር ማንኳኳት የሆነ ነገር የደረሰ ያስመስላል።

ይሁን እንጂ ለዚያ ደግነታችን ዋጋ የምትከፍለው ማን ናት? የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ባለ ቴሌቪዥን ቤት ጥቂት ነበር። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዳንቴል የለበሰ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ገብቶ ምንጣፍ ላይ ይደረደር ነበር። ቃና በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ማቅረብ ሲጀምርም ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና እየጠጣ አብሮ ያይ ነበር። በእነዚያ ሁሉ ምሽቶች የቤቱ እመቤት የት ነበረች? ቆሎ ስትቆላ፣ ጀበና ስትጥድ፣ ሲኒ ስታጥብ። ታሪኩን የምታውቀው በድምፅ ብቻ ነው። «አሁን ማን ሞተ?» ብላ ከጓዳ ትጠይቃለች። እዚህ ጠሪዋ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ እግሯን ሶፋው ላይ ሰብስባ፣ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታያለች። ሰንጠረዡን የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የማልወደውም አለ። ዝምታው ይከብደኛል። በእኛ ቪዲዮ ቤቶች የህንድ ፊልም በተራኪ ድምፅ በአማርኛ ይተረጎም ነበር፤ ተመልካቹ ደግሞ በተራኪው ላይ ይጨምራል፣ ለተዋናዩ «ከኋላህ ነው!» ብሎ ይጮህለታል። እዚህ አንድ ቃል ከተነፈሳችሁ ፊልሙን አቁመው «ምን አልክ?» ይሏችኋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የምትሉት ይጠፋችኋል። ሻማውንም አልለመድኩትም። መብራት ሳይጠፋ፣ ያውም አምፖሉን በገዛ እጅ አጥፍቶ ሻማ መለኮስ ምን ይባላል?

የጣሊያን ምሽት ሲሆን ግን አንገታችንን ቀና አድርገን እንገባለን። በርበሬ ጣል የተደረገበት ፓስታ በስልስ፣ የሠርጋችን ድምቀት የሆነው ላዛኛ፣ ሁለቱም ከእጃችን ናቸው። አያቶቹ ከናፖሊ የመጡ አንድ እንግዳ የመጀመሪያውን ጉርሻ ውጦ «ይህ ጣሊያን አይደለም» አለ። ከዚያ ሁለተኛ ሳህን አነሣ። የምሽቱ ቀን ዓርብ ከሆነም ተመቸን፤ ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ይዘን እንሄዳለን፣ ሥጋና ወተት የማትበላዋም ከሁሉ አስቀድማ ወደ እኛ ድስት ትመጣለች። ጥንቃቄ የሚያሻው እንጀራው ላይ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም ብለን እንፎክራለን፤ እዚህ የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ይገባበታል። ጋጋሪዋን ሳይጠይቁ ስንዴ ለማይስማማው ሰው «ግድ የለም፣ ብላ» ማለት እንግዳን ማሳመም ነው።

ከሁሉ የሚያስቀው እኛው በእኛው የምንጠራራው ፖትላክ ነው። ሰንጠረዡ ይላካል፤ ሴቶቹ አንብበው ያልፉታል። በዕለቱ ሦስት ዶሮ ወጥ ይመጣል፣ ሰላጣ አይመጣም፣ ሳህን ያስታወሰ የለም። ጠሪዋም «ምናልባት ምግቡ ቢያንስ» ብላ ሌሊቱን ስትሠራ አድራለች፤ ፊልሙ ሲጀመር ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። የሚያበቃበት ሰዓት ቢጻፍም ቡናው ገና ሁለተኛው ላይ ነው፤ ሦስተኛው ሳይጠጣ ማን ይነሣል? ሰንጠረዡን በጥሞና የሚያነቡት ወንደላጤዎቹ ብቻ ናቸው። «በረዶና ለስላሳ» የሚለው መስመር ገና እንደተላከ በስማቸው ይሞላል፤ አንድ ከረጢት በረዶ ይዘው ገብተው የሦስቱንም ዶሮ እንቁላል ይጨርሳሉ።

የሚቀጥለውን ምሽት ሰንጠረዥ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በረዶ የሚለውን መስመር አውጥቼዋለሁ።