ከሰል አማካሪ አያጣም

ጓዳ ውስጥ ጨው የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ወንድ፣ ደጅ ላይ ከሰል ሲቀጣጠል ካየ ሊቅ ይሆናል። ድስት ጥዶ አያውቅም። እንቁላል የጠበሰው በላጤነቱ ነው፤ እሱንም አሳርሮታል። ሽንኩርት መከተፍ ሲጀመር «ዓይኔን!» ብሎ ሳሎን ይሸሻል። ሽቦ የተጋደመበት ማንደጃ አጠገብ ሲደርስ ግን እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፣ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ «ቆይ፣ ገና ነው» ይላል። የጠየቀው የለም።

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል። ጾም ባልሆነ እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሁለት ብሎክ መሀል አንዱ ማንደጃ ይዞ ይወርዳል። ለቤተሰቡ ትንሽ ሥጋ ሊጠብስ ነው። ከሰሉን ሳይዘረግፍ ሁለት ሰው አጠገቡ ቆሟል። ክብሪት ሲጭር አራት ሆነዋል። ጭሱ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ጉባኤ ነው። የነዋሪዎች ማኅበር በማስታወቂያ፣ በስልክና በቅጣት ማስፈራሪያ ለምኖ ያላገኘው ምልዓተ ጉባኤ፣ ለአንድ ኪሎ ተኩል ጎድን ወዲያው ይሟላል።

ኤሌክትሪክ ምድጃ ይሄ ጸጋ የለውም። ቁልፉን ታዞራለህ፣ ይግላል፣ አለቀ። መብራት ቢጠፋ እንኳ ቢበዛ አንገትህን በመስኮት አውጥተህ «እናንተም ጋ ጠፍቷል?» ትላለህ። ከሰል ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አከራካሪ ነው። በምን ይቀጣጠል? ነፋሱ በየት ነው? ይራገብ ወይስ ይተው? ጨው በፊት ነው በኋላ? ለሁሉም ጥያቄ ሁሉም መልስ አለው። መልሱንም ሁሉም የሰማው ከአጎቱ ነው።

የአቀጣጠሉ ነገር በተለይ ወዳጅ ያቀያይማል። «ነጭ ጋዝ ጠብ አድርግበት» የሚሉ አሉ፤ እነዚህ ሥጋው ኩራዝ ኩራዝ ቢሸት የማይከፋቸው ናቸው። ፌስታል አቃጥለው የሚያንጠባጥቡ አሉ፤ ስለ እነሱ ባልናገር ይሻላል። ከጡረተኛው መቶ አለቃ ጎን የቆሙት ደግሞ የጭራሮ ወገን ናቸው። «በእኛ ጊዜ እኮ» ብለው ይጀምራሉ። ችግሩ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ጭራሮ የለም። ልጅ ይላካል። ልጁ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ይመጣል። ማንም ከየት አመጣኸው አይለውም።

ክርክሩ ሳይቋጭ የምድር ቤቷ እማማ ብቅ ይላሉ። ከቡና የተረፈ ፍም በቆርቆሮ ክዳን ይዘዋል። ቃል አይተነፍሱም። የተከመረውን ከሰል ወዲህና ወዲያ ከፍለው ሦስት አራት ፍም መሀሉ ላይ ያስቀምጣሉ። በላዩ ደቃቁን፣ ከዚያ ትልልቁን ይደረድራሉ፤ አየር እንዲያልፍ መሀል መሀሉን ክፍት ይተዋሉ። የማንደጃውን አፍ ወደ ነፋሱ ያዞራሉ። ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረግ አድርገው «አትነካኩት» ይሉና ይመለሳሉ። ትንሽ ቆይቶ ከሰሉ መንጣጣት ይጀምራል። ጉባኤው ማን እንዳቀጣጠለው መከራከሩን ይቀጥላል። በመጨረሻ ድሉን የሚወስደው የጋዙ ወገን ነው።

አትነካኩት የተባለውን ለመንካት ደግሞ ማራገቢያ ያስፈልጋል። ሰፌድ የሚያበድር የለም፤ የትኛዋም ሴት ሰፌዷን ለከሰል ጥላሸት አትሰጥም። ካርቶን ይሞከራል፣ ይታጠፋል። የልጆች ደብተር ሽፋን ይሞከራል፣ ልጁ ያለቅሳል። እስከ ዛሬ ካየኋቸው ማራገቢያዎች ሁሉ የሚበልጠው ግን በፕላስቲክ የታሸገ የሥልጠና ሰርተፍኬት ነው። ጠንካራ ነው፣ አይታጠፍም፣ ላብም አያበላሸውም። አንድ ጎረቤቴ ስለ አመራር ክህሎት የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ያገኘው ነበር። ሰርተፍኬቱ ሥራ ላይ ሲውል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የምትመጣው ጥያቄ «የግራር ነው?» የምትለዋ ናት። ግራር ጠንካራ እንጨት ነው። ከሰሉ ይከብዳል፣ ፍሙም ይቆያል። የባሕር ዛፉ ቶሎ ይያዝና ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ባለ ማንደጃው የገዛው ከሰፈር ሱቅ በላስቲክ ተቋጥሮ ቢሆንም «የግራር ነው፣ ከመንገድ ነው ያመጣሁት» ይላል። መንገድ ማለት በመቂና በባቱ በኩል ወደ ሐዋሳ የሚወስደው ነው። ከሰል የሞላው ማዳበሪያ አፉ በቅጠል ተወትፎ መንገዱ ዳር ተሰልፎ ይቆማል። ለስብሰባ ሐዋሳ ሄዶ ከሰል ሳይዝ የሚመለስ ጀግና ካለ እስካሁን አላገኘሁትም። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ደን መመናመን ሲያጨበጭብ ከርሞ ሁለት ማዳበሪያ የግራር ከሰል ጭኖ የገባ ወዳጅ አለኝ። ብንጠይቀው «ችግሩን በተግባር ለማየት ነው» አለ።

ከሰል አክሳዩን የሚያስታውሰው ግን የለም። እንጨቱን ይከምራል፣ በቅጠልና በአፈር ይሸፍነዋል፣ አየር በብዛት እንዳይገባ እየጠበቀ ለቀናት ያጤሰዋል። የእንጨቱ ውሃና አብዛኛው ጭስ የሚወጣው እዚያ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ጭሱ የቀለለው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛን ድርሻ እሱ ስቦልናል።

ማንደጃውም ራሱ ወሬ ነው። ለቡናና ለወጥ ላቀች የሚያህል የለም። ውስጡ ሸክላ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል፤ ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ አንጻር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ለጉባኤ ሥጋ ግን ይጠብባል። ለዚያ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ መሄድ ነው። እዚያ ያሉት ቀጥቃጮች በርሜል ለሁለት ሰንጥቀው፣ እግር አብጅተው፣ ሽቦ አጋድመው ያስረክቡሃል። ሀብታም ጋ ያለው ባለ ክዳንና ባለ ጎማው ዕቃም ዘሩ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1952 ቺካጎ አካባቢ ጆርጅ ስቲቨን የሚባል ሰው ብረት ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ድርጅቱ ውሃ ላይ ለምልክት የሚንሳፈፍ ክብ ብረት ያመርታል። ሰውየው ያን ክብ ብረት ለሁለት ከፍሎ ታችኛውን ማንደጃ፣ ላይኛውን ክዳን አደረገው። ክዳን ያስፈለገው ነፋስ እያስቸገረው ነው ይባላል። እኔ ጎረቤት ይመስለኛል።

ክዳን ያለው ማንደጃ በእኛ ግቢ አንድ ጊዜ ታይቷል። ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው ነው። ባለቤቱ ሥጋውን ደርድሮ ክዳኑን ሲገጥም ሰው ሁሉ ቅር አለው። ምኑን ይየው? በምኑ ላይ ይምከር? በየደቂቃው አንዱ «እስቲ እንየው» እያለ ይከፍተው ነበር። ክዳኑ ከአንድ ሰዓት በኋላ መቀመጫ ሆነ።

ሥጋው ሽቦ ላይ የሚወጣው መቼ ነው? ነበልባሉ ወርዶ ፍሙ ነጭ አመድ ሲለብስ ነው። «እሳት አመድ ወለደ» የሚለው ስድብ ማንደጃ ላይ አይሠራም። እዚህ አመድ የወለደ እሳት ነው የተባረከው። ነገር ግን ያን ድረስ ማን ይጠብቃል? ቢላዋው አለ። ሚጥሚጣው አለ። አንዱ «የበሬውን ዓይነት ልየው» ብሎ ከጎድኑ ጫፍ ቆረጥ ያደርጋል። ሌላው ምስክር መሆን ይፈልጋል። ዳጣ ከአራተኛ ፎቅ ይወርዳል። ሽቦው ላይ የሚደርሰው እንግዲህ ከምርመራ የተረፈው ነው።

የተረፈው ግን ሽቦውን ሲነካ ጭል ይላል። ጮማው ቀልጦ ፍሙ ላይ ጠብ ሲል፣ ያ ጭስ ተመልሶ ሥጋውን ሲያጥነው፣ ወሬ ለአፍታ ይቆማል። የሁለተኛ ፎቁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዝምታውን ተጠቅሞ ይገባል። አሚኖ አሲድና ስኳር በሙቀት ሲገናኙ ነው እንዲህ ቡናማ ሆኖ የሚሸተው፤ ማያር የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1912 ጽፎበታል ይላል። መቶ አለቃ ቀና ብለው ያዩታል።

«የየትኛው ብሎክ ነው?»

ከላይ ደግሞ ድምፅ ይመጣል። አራተኛ ፎቅ ልብስ ተሰጥቷል። «ያጠብኩትን አንሶላ በጥብስ አጠናችሁት!» ጉባኤው በሙሉ ሌላ ቦታ ያያል። በመጨረሻ ሁለት ሙዳ በሰሃን ይላካል። አንሶላው እስኪመሽ እዚያው ይሰጣል።

ዝናብ ጠብ ጠብ ሲል አንዱ ሞኝ «ቤት እናስገባው» ማለቱ አይቀርም። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ፍም ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ ተኝቶ ሳይነሳ የቀረ ሰው ወሬ በክረምት የምንሰማው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። መጤሱን ያቆመው፣ ደስ የሚለው ቀይ ፍምም ይተፋዋል። ጉባኤው ያለ ተቃውሞ የሚያጸድቀው ብቸኛ ሐሳብም ይሄ ነው፤ ከሰል ደጅ ይቆያል። ጃንጥላ ይመጣል። ጃንጥላው የሚያዘው ለሥጋው ነው፤ ሰው ይደርቃል።

ዝናብ ካነሳን አይቀር፣ የእነዚህ ሁሉ ሊቃውንት ልክ የሚታወቀው የበቆሎ እሸት ጠባሿ ጋ ነው። ክረምት ላይ መንገድ ዳር፣ ጃንጥላ ሥር፣ ከትንሽ ማንደጃ ጀርባ ተቀምጣለች። በአንድ እጇ ታራግባለች። በሌላው፣ ያለ መቆንጠጫ፣ በባዶ ጣቷ በቆሎውን ታዞራለች። አንዱ ወገን ጠቆር ሲል ቀይራ አዲሱን ወደ መሀል፣ የበሰለውን ወደ ዳር ትገፋለች። አራት እሸት አራት ዓይነት ደረጃ ላይ ነው፤ የማን የቱ እንደሆነም አይጠፋትም። ያ ግቢያችንን የሚያንቀጠቅጥ አማካሪ እሷ ፊት ቆሞ ቃል አይወጣውም። አንድ ቀን አንዱ ደፍሮ «ትንሽ አልበዛም እሳቱ?» አላት። ቀና ብላ አይታው «እንካ፣ ያንተን ራስህ ጥበሰው» ብላ በቆሎውን ዘረጋችለት። በጣቱ ሊቀበላት ሞከረ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት «እፍ፣ እፍ» ሲል ነው።

ወደ ግቢያችን ስንመለስ፣ ሥጋው እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ጥሩ አይደለም። ዳሩ ከስሏል፣ መሀሉ ጥሬ ነው። ጨው በፊት ነው ያሉትም በኋላ ነው ያሉትም ስለጨመሩ ጨው በዝቶበታል። ሰፈር ውስጥ ካለው ምግብ ቤት ያለው ሸክላ ጥብስ በስንት ጣዕሙ! ግን ምግብ ቤት ሄዶ «ይሄ ነው ጥብስ ማለት» የሚል ሰው የለም። እዚህ ጣቱን እየላሰ፣ ጉሮሮው በጭስ ተዘግቶ፣ ዓይኑ እያለቀሰ ይለዋል። ከልቡ ነው። ባለ ማንደጃው ለቤተሰቡ የገዛው ሥጋ የት እንደገባ እያሰበ አጥንት ይግጣል። ሚስቱ ከመስኮት እያየችው ነው። እሱ ወደ ላይ አያይም።

ፍሙ ገና ስላለ ይባክናል ተብሎ ጀበና ይወርዳል። እማማም ተመልሰው ይመጣሉ፤ አሁን እሳቱ የእሳቸው ነውና ሁሉም ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ መቶ አለቃ በሚቀጥለው እሁድ ይደገም የሚል ሐሳብ ያቀርባሉ። በጭብጨባ ያልፋል። አዋጮች ይመዘገባሉ። የሦስተኛ ፎቁ ከሰል አመጣለሁ አለ። ባለ ሰርተፍኬቱም ከሰል። ተማሪውም ከሰል። ከሐዋሳ የሚመለሰው ወዳጄማ ሁለት ማዳበሪያ። ሥጋ ያለ አልነበረም።