የ«አማ» ዘመዶች

ሰሞኑን ቡና ላይ አንድ ጎረቤታችን ስልኩን አውጥቶ «ላቲን ከኛ የተሰረቀ ቋንቋ ነው» አለን። ማስረጃው አንዲት ቃል ናት፤ «አማ»። በላቲን «ውደድ» ማለት ነው። በስፓኒሽ ደግሞ እመቤት። «እማ፣ እማማ፣ እመቤት! ታዲያ ከየት ያመጡት ይመስላችኋል?» ብሎ ስኒውን ኮራ ብሎ አስቀመጠ። ማጨብጨብ ብቻ ነው የቀረን።

ቃላቱስ እውነት ናቸው። ችግሩ ዝምድናው ላይ ነው። የላቲኑ «አማ» «አማሬ» ከሚለው ግሥ ይወጣል፤ ለአንድ ሰው የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። የስፓኒሿ እመቤት ግን የመጣችው ጡት አጥቢ ሞግዚትን ከሚጠሩበት ስም ነው። የሕፃን አፍ የፈጠረው ስም ነው። ሕፃን ደግሞ «ማ» ለማለት ከማንም አይሰርቅም። ስፓኒሽ «ይወዳል» ለማለትም «አማ» ይላል፤ የላቲኑ ልጅ እሱኛው ነው። አይስላንድ ስትደርሱ ደግሞ «አማ» ማለት ማስጨነቅ፣ ማወክ ነው። ፊታችሁ ከጠቆረ «ክቫዝ አማር አዝ?» ይሏችኋል፤ ምን ነካህ እንደማለት። ጎረቤታችን ይቺን ቢያገኛት «አመመህ እንዴ ማለታቸው ነው» ብሎ ፋይሏን ይዘጋት ነበር።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ እናቴ ፈረስ ናት አለች» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። በቅሎዋ አባቷን ደበቀች እንጂ የሰው እናት አልወሰደችም። የኛ ሰው ግን የመሰለውን ሁሉ ዘመድ ያደርጋል። አንዱ የአያቱ ስም ከአያቴ ስም ገጥሞ «ሥጋዬ!» ብሎ ተጠመጠመብኝ። ሳምንት ሳይሞላ ብር ተበደረኝ። የአያቶቹን አገር ስጠይቀው ስልኩ ጠፋ፤ ብሩም አብሮ። አሁን ሠርግ ላይ ሲያየኝ ከሩቅ እጁን ያውለበልባል። አያፍርም! ስም ገጠመ ተብሎ ሥጋ ይሆናል? ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ «አማ»። ከሁሉ የሚያናድደኝ ሰውዬው የገዛ አገሩን «አማ» መዝለሉ ነው። እኛ ዘንድ «አማ» ማለት ሰውን በሌለበት ቦጨቀ ነው፤ ልክ እሱ አውሮፓን ሌባ ብሎ እንዳማው። ግዕዙ «ሐመየ» ነው። «አማት» ከ«ሐማት» ነው፤ ዕብራይስጡም «ሐሞት» ይላታል። «አመመ» ከ«ሐመመ» ነው። በየራሳቸው መንገድ የመጡ ናቸው። አማርኛ የ«ሐ»ን የጉሮሮ ድምፅ ሲጥለው ነው የተመሳሰሉት። አማትና ሐሜት አይዛመዱም ስል ባለቤቴ ከት ብላ ሳቀች። እኔ እንኳ ያወራሁት ስለ ግሥ ነው።

ጎረቤታችን እንደሆነ አልተመለሰም። ትናንት ጃፓን ውስጥ ባሕር ጠልቀው የሚያጠምዱ ሴቶች «አማ» እንደሚባሉ ደርሶበታል። እነሱንም ከጣና ሊያመጣቸው ነው መሰለኝ።