13 ጨዋታ፣ 13 ድል፣ ከዚያ «አትገቡም»

አንድ ጊዜ እንኳ ያልተሸነፈ ቡድን ለዋንጫ እንዳይጫወት ተከልክሏል። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዓመታት አለፉ፣ አልበረደልኝም።

የማወራው ስለ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2023ቱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ የታላሃሲው። እዚህ አገር የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ የኮሌጅ ፉትቦል እንደዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። በተለይ እንደ ታላሃሲ ባለ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ሠርግም ቢሆን ቀኑ ታይቶ ነው የሚቆረጠው።

ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ያኔ ለብሔራዊ ዋንጫ የሚጫወቱት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። አራቱን የሚመርጠው ደግሞ 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ነበር። አሠራሩ በ2014 ከተጀመረ ወዲህ፣ ከአምስቱ ትልልቅ ኮንፈረንሶች (ቡድኖቹ የተከፋፈሉባቸው ሊጎች) በአንዱ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆኖ ከአራቱ ውጭ የቀረ ቡድን አልነበረም። አንድም። የመጀመሪያዎቹ እኛ ሆንን።

የውድድር ዓመቱን የጀመርነው ኦርላንዶ ላይ ኤልኤስዩን (ሉዊዚያና ስቴትን) 45 ለ 24 በመርታት ነው። ለዓመታት ሲያሸንፈን የኖረውን ክሌምሰንን ራሱ ሜዳ ላይ ሄደን፣ በተጨማሪ ሰዓት 31 ለ 24 ጣልነው። ሌላውም በየተራ ወደቀ።

ከዚያ ኖቬምበር 18 መጣ። ተጋጣሚያችን ኖርዝ አላባማ ነበር፤ ከኛ ጋር የማይመጣጠን ትንሽ ቡድን። ኳርተርባካችን፣ ማለትም ኳስ እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ጆርዳን ትራቪስ ኳሱን ይዞ ሲሮጥ ተከላካይ ጠልፎ ጣለው፤ ግራ እግሩ ተሰበረ። እግሩን አስረው በጋሪ ሲያወጡት የቡድን ጓደኞቹ በሙሉ ከበውት ቆሙ። ያን ቀን 13 ለ 0 እየተመራን ነበር። ልጆቹ ግን እጅ አልሰጡም፣ 58 ለ 13 ጨረሱት።

በሳምንቱ ተተኪው ቴት ሮድሜከር ገብቶ ተቀናቃኛችንን የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲን ሜዳው ላይ 24 ለ 15 አሸነፈ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ እሱም ጭንቅላቱን ተመታና ለቀጣዩ ጨዋታ ሳይደርስ ቀረ። ስለዚህ ለኮንፈረንሱ ዋንጫ፣ ሻርሎት ላይ፣ ሉዊቪልን የገጠምነው በሦስተኛ ኳርተርባክ ነው። ብሮክ ግሌን፣ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ። ልጁ 21 ጊዜ ወርውሮ የተያዘለት 8 ብቻ ነው። ታዲያ ማን አሸነፈ? ተከላካዮቹ! ሉዊቪልን አንድ ታችዳውን (የፉትቦል ትልቁ ጎል) እንኳ እንዳያስቆጥር አድርገው አስወጡት። 16 ለ 6። አንድ ቡድን ቡድን የሚባለው አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሲሸከም አይደለም እንዴ? እኔ በዚያ ዓመት ካየሁት ሁሉ የኮራሁበት ጨዋታ ያ ነው።

በማግስቱ እሁድ ኮሚቴው አራቱን ይፋ አደረገ። ሚሺጋን፣ ዋሽንግተን፣ ቴክሳስ፣ አላባማ። እኛ አምስተኛ።

ልጆቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ውጤቱን ሲጠብቁ ካሜራ እየቀረጻቸው ነበር። ስማቸው ሲቀር ፊታቸው እንዴት እንደሆነ አገር ሁሉ አየ። የአላባማ ስም ሲጠራ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፣ አንዳንዱ ተነስቶ ወጣ።

ምክንያቱስ? የኮሚቴው ሰብሳቢ ቡ ኮሪጋን የሰጡት መልስ፣ ያለ ትራቪስ ቡድኑ ያው ቡድን አይደለም የሚል ነው። ደንቡም ቁልፍ ተጫዋች መጉደሉን ለማየት ይፈቅዳል ይባላል። እሺ፣ ይፈቅዳል። ግን ያለ ትራቪስ ተጫውተን አሳየን እኮ! አሸነፍን እኮ! ሁለቱም ቴክሳስና አላባማ አንድ አንድ ጊዜ ተሸንፈዋል። አላባማ ደካማ ነው አልልም፤ ጆርጂያን 27 ለ 24 ያሸነፈ ቡድን ነው። የተሸነፈ ካልተሸነፈ ፊት የሚሰለፍበት ሒሳብ ግን አልገባ ብሎኛል።

እኛ የሩጫ አገር ልጆች ነን። 10 ሺህ ሜትር ላይ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ገባ ነው። «ይሄኛው በሚቀጥለው ውድድር እግሩን ሊያመው ይችላል» ብሎ ወርቁን ለሁለተኛው የሚሰጥ ዳኛ አይተን አናውቅም።

ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ደርሶ ያውቃል። በ2014 ኦሃዮ ስቴት ሁለት ኳርተርባክ ተጎድቶበት በሦስተኛው በካርዴል ጆንስ ዊስኮንሲንን 59 ለ 0 ደበደበ። ያውም አንድ ጊዜ ተሸንፎ ነበር። አስገቡት፤ ዋንጫውንም በላ። ሦስተኛ ኳርተርባክ ይዞ ሻምፒዮን እንደሚኮን የታየው በዚሁ ኮሚቴ ምርጫ ነው።

ትራቪስ ራሱ ምን ብሎ ጻፈ? እግሬ ቀደም ብሎ በተሰበረ ኖሮ፣ ይሄ ቡድን ከኳርተርባኩ በላይ መሆኑን ታዩ ነበር አለ። የ23 ዓመት ልጅ ተሰብሮ ተኝቶ ለጓደኞቹ ሲል የራሱን ስብራት ሲመኝ! አንጀቴን ያሳረረው ይሄ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይጠቅስብኛል። ኦሬንጅ ቦውል ላይ፣ ከዋንጫው ውጭ ለቀሩ ቡድኖች በተዘጋጀ የዓመት መዝጊያ ጨዋታ፣ ጆርጂያ 63 ለ 3 አሸነፈን። በቦውል ጨዋታዎች ታሪክ እንዲህ ሰፊ ልዩነት ታይቶ አያውቅም። «አየህ፣ ኮሚቴው ልክ ነበር» ይሉኛል። ወገኖቼ፣ ያን ቀን ሜዳ የገባው ሉዊቪልን ያሸነፈው ቡድን አይደለም። ዋና ዋና ተጫዋቾቻችን አልነበሩም። ጃሬድ ቨርስ የለም። ኪዮን ኮልማን የለም። ትሬይ ቤንሰን የለም። ሮድሜከርም ቡድኑን ለቆ ሊሄድ ወስኗል። ዋንጫ ለሌለው ጨዋታ ብሎ ማን የኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ) ተስፋውን አደጋ ላይ ይጥላል? ቡድኑ የተበተነው ኮሚቴው ከወሰነ በኋላ ነው። በውሳኔው የመጣን ሽንፈት የውሳኔው ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይደለም።

በቀጣዩ ዓመት ውድድሩ ወደ 12 ቡድን ሰፋ። አንድ ዓመት ብቻ! እኛም በዚያው ዓመት 2 አሸንፈን 10 ተሸነፍን። «ሌላ ዓመት አለ» የሚለኝ ሰው ይሄን ይመልከት። ከዚያ ቡድን 10 ልጆች በ2024 በኤንኤፍኤል ተመርጠው ሄደዋል። ትራቪስም ተመርጦ ነበር፣ በኒውዮርክ ጄትስ። እግሩ ግን አልዳነለትም። በ2025 አንድ መደበኛ ጨዋታ ሳይጫወት ጫማውን ሰቀለ። ያቺ የ2023 ዋንጫ ለእሱ የመጨረሻዋ ዕድል ነበረች፣ ባይጫወትባት እንኳ ከዳር ቆሞ ጓደኞቹን ሊያይባት ይገባ ነበር። እና እባካችሁ፣ «አሁንም አልተውከውም?» አትበሉኝ። አልተውኩትም።