ራሁ ይኑርልን

ባለፈው እሑድ የዕቁብ ዕጣዬ ወጣ። አሥር ወር ጣቴን ስቆጥር ከርሜ፣ ጸሐፊያችን ብጣሿን ወረቀት ገልጣ ስሜን ስትጠራ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ከሃያ አራት ሰው ሃያ ሦስቱ ከፍሏል። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ጸሐፊያችን ደብተሯን ዘርግታ ከአንድ ስም ጎን ያለችውን ባዶ ቦታ በእስክሪብቶ ጫፍ ታንኳኳለች። ይኼኔ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። ቴሌግራም ነው፤ የባዶዋ ቦታ ባለቤት። «ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ! አሁን ግን ራሁ ካል ውስጥ ነን፤ እስከ 12 ሰዓት ገንዘብ ከእጅ አይወጣም። ለአንተም ብዬ ነው።»

ለእኔም ብሎ ነው። የሰውዬው ዋስ ደግሞ ማን መሰላችሁ? እኔ። እሱ ካልከፈለ እኔ ለራሴ እከፍላለሁ ማለት ነው።

መልእክቱን ጮክ ብዬ ሳነብ ሰብሳቢያችን ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁና «ራሁ ማነው? ከእኛ ጋር ይጥላል እንዴ?» አሉ።

አይጥልም ጋሼ። ራሁ ሕንዶች ጆቲሽ፣ ፈረንጆች ቬዲክ አስትሮሎጂ በሚሉት ኮከብ ቆጠራ ከዘጠኙ የሰማይ ገዢዎች አንዱ ነው። ፕላኔት ግን አይደለም፤ ቀና ብላችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም። የጨረቃ መንገድ የፀሐይን መንገድ ከሚያቋርጥባቸው ሁለት ነጥቦች አንዱ ነው፤ ሌላኛው ኬቱ ይባላል። አፈ ታሪኩ ከዚህ ይጣፍጣል። አንድ ጋኔን የጠጣው እንዳይሞት የሚያደርገውን መጠጥ ከአማልክት መሐል ተሰግስጎ ቀመሰ። ፀሐይና ጨረቃ አሳበቁበት፤ ቪሽኑ አንገቱን ቀላው። መጠጡ ግን ጉሮሮው ደርሶ ነበርና ጭንቅላቱ ሳይሞት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያሳበቁበትን ሁለቱን እያሳደደ ይውጣቸዋል፤ ሆድ ስለሌለው በአንገቱ በኩል ተመልሰው ይወጣሉ። ግርዶሽ ማለት ይኼ ነው። ከእኛ ሰፈር በላተኞች የሚለየውም በዚህ ነው፤ እነሱ የዋጡት ሲወጣ አይተን አናውቅም።

ይኼ ጭንቅላት ብቻ የሆነ ባለሥልጣን በየቀኑ የሥራ ሰዓት አለው። ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለው ጊዜ ለስምንት ይከፈልና አንዷ ክፍል የእሱ ትሆናለች፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ራሁ ካል የሚሏት እሷን ነው። በዚያች ሰዓት አዲስ ነገር አይጀመርም፤ ውል አይፈረምም፤ ጉዞ አይወጣም። እንግዲህ የሰውዬዬን ሳምንት ስሙልኝ።

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደወልኩ። ከ1:30 እስከ 3:00 ራሁ ነው። ከሰዓት ደገምኩ። ራሁ ሄዷል፤ ግን ሰኞ የጨረቃ ቀን ናት፤ ጨረቃ ደግሞ እየጎደለች ነው፤ በጎደለች ጨረቃ የወጣ ገንዘብ ተመልሶ አይሞላም። ማክሰኞ የማርስ ነው። ማርስ ጠበኛ ነው፤ በእሱ ቀን የተከፈለ ብር ወዳጅ ያጣላል። (ወዳጅ የሚያጣላው ያልተከፈለው ይመስለኝ ነበር፤ አላዋቂነቴ ነው።) ረቡዕ ራሱ ደወለልኝ፤ እሰይ! ባንክ ቤት በር ላይ ቆሟል፤ አሁን ሊገባ ነው፤ ሰዓቱን አየ፤ 6:02። ረቡዕ ራሁ የሚገባው 6:00 ላይ ነው። «በሁለት ደቂቃ!» አለ። ድምፁ ላይ እውነተኛ ሐዘን ነበረበት፤ አጽናናሁት። «እሺ በስልክህ ላክልኛ» ብለው «ራሁ ኔትወርክም ያውቃል» አለኝ። ይኼንንስ አላስተባብልም፤ የኔትወርካችንን ነገር ሌላ የሚያብራራው አላገኘሁም። ሐሙስ የጁፒተር ነው፤ ጁፒተር በረከት ነው፤ በበረከት ቀን በረከት ከቤት አይወጣም። ዓርብ የቬኑስ፤ የፍቅር ቀን፤ ፍቅርና ገንዘብ አይቀላቀሉም። ቅዳሜ የሳተርን። ቅዳሜን ማስረዳትም አላስፈለገው። «ቅዳሜማ!» ብሎ ዘጋው።

አንድ ነገር ብቻ ትዝ ይለኛል። ጥር ላይ የእሱ ዕጣ ወጥቶ ነበር። እሑድ፣ 11 ሰዓት ላይ። እሑድ ራሁ ከ10:30 እስከ 12:00 ነው፤ እንግዲህ ራሁ ዙፋኑ ላይ በደንብ ተደላድሎ በተቀመጠበት ሰዓት መሆኑ ነው። ሰውዬው ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ፣ በላስቲክ አስሮ፣ የኮቱ ውስጠኛ ኪስ ከቶ፣ ቡናውን ሳይጨርስ ወጣ። የዚያን ዕለት ራሁ ፈቃድ ላይ ነበር ማለት ነው።

ቂም ግን አልያዝኩም። እንዲያውም ሰንጠረዡን ሳጠናው ዕንባዬ መጣ፤ ለካ አገራችን በሙሉ ሳታውቀው ራሁን ስታከብር ኖራለች! መሥሪያ ቤት የሚከፈተው 2:30 ነው፤ ሰኞ ራሁ የሚወጣው 3:00 ነው። ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ተዘግቶ ያገኛችሁት፣ ኮቱ ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ሰውየው የጠፋባችሁ፣ በስንፍና የጠረጠራችሁት ያ ሰው መናኝ ነበር። ማክሰኞ ከ9:00 እስከ 10:30 ሻይ ሊጠጣ የወጣ መስሏችሁ ይሆናል። ረቡዕ ምሳ ከመድረሱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የተነሣው ተርቦ አይደለም። ሐሙስ ከምሳ መልስ እስከ 9 ሰዓት ያልተመለሰው ጠግቦ አይደለም። ዓርብ 4:30 ላይ «እንግዲህ ሰኞ ኑ» ያላችሁ ሰው ልቡ ሕንድ ነው። ከንጋቱ 12 እስከ 1:30 ያለችው የመጀመሪያዋ ክፍል ብቻ በየትኛውም ቀን የራሁ ሆና አታውቅም፤ እሷን ተኝተን ስለምናሳልፋት ሳያስፈልገው ቀርቶ ነው።

እስካሁን ስናፍርባቸው የኖርናቸው «ሲስተም የለም»፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፈራሚው መስክ ወጥተዋል» የሚሉ ድሪቶ ምክንያቶች ጡረታ ይውጡ። «ራሁ ላይ ናቸው» ይባል። ክብር አለው። ባለጉዳዩም ከሰማይ ጋር አይሟገትም።

አሁን ወደ ሰውዬዬ ልመለስ፤ እንዴት ብሎ ቬዲክ እንደሆነ አልነገርኳችሁም። ቀድሞ የእኛው ዐውደ ነገሥት ተከታይ ነበር፤ የስምህንና የእናትህን ስም ፊደል ደምሮ፣ በ12 ገድፎ (አካፍሎ ቀሪውን ይዞ)፣ ኮከብህ አሰድ ነው ሰንቡላ ነው የሚልህ ዓይነት። ኋላ ላይ «የሕንዱ ይጠልቃል» ብሎ ተዛወረ። (የእኛው ሐመልና ሰውር፣ አቅራብና ሑት ስማቸው ከዐረብ የመጣ ነው፤ ሕንዶቹም «ሆራ» የሚሉትን የወሰዱት ከግሪክ ነው። ኮከብ ቆጣሪ ሁሉ ግን የአያቴ ነው ሲል ትሰማዋለህ።) የጠለቀውን ለማግኘት ስልኩ ላይ መተግበሪያ ጫነ። መተግበሪያው የተወለደበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ጠየቀው።

እናቱ የምታውቀው ይኼን ነው፦ 1978፣ የሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ማታ፣ ከብቶቹ ገብተው እራት ሲቀርብ፣ ሦስት ሰዓት ግድም። ሰውዬዬ ሰኔን አሥረኛ ወር ብሎ ቆጠረና ቁጭ ብሎ ሞላው፦ 12/10/1978፣ 3:00። መተግበሪያው ምስኪኑ ምን ያውቃል? ኦክቶበር 12 ቀን 1978 እንደ ፈረንጅ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ተቀበለው። በዚህ ጥበብ ላግና የሚሉት፣ በተወለድክባት ደቂቃ በምሥራቅ የሚወጣው ኮከብ፣ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይለዋወጣል፤ ደቂቃ የሚያስጨንቀው ዕውቀት ነው። የእኛ ሰው የሳተው ደቂቃ አይደለም። ከእውነተኛው ልደቱ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ቀድሞ ተወለደ። ይኼው ሦስት ዓመቱ፣ ከእናቱ ሆድ ሳይሆን ከስልኩ የተወለደ የሌላ ሰው ዕጣ ተሸክሞ ይዞራል። በዚያች ሌሊት የተወለደ አንድ ፈረንጅ የሆነ ቦታ አለ፤ ጉልበቱን ሲያመው መድኃኒት የሚወስደው የእኛ ሰው ነው። ፈረንጁ እንዲያገባ የታዘዘበት ወር ሲደርስ የእኛው ሽማግሌ ላከ። ፈረንጁ ከውኃ ይጠንቀቅ ሲባል የእኛው ሶደሬ መሄድ ተወ። ስሕተቱን ነገርኩት። ዝም ብሎ አሰበና «ለዚህ ነዋ ነገሬ ሁሉ የሚጣመመው» አለኝ። አስተካከለው ብላችሁ ነው? «አሁን ከለመድኩት በኋላ?» አለ።

ከሁሉ የከበደው ግን ሳዴ ሳቲ ነው። ሳተርን ስትወለድ ጨረቃ የነበረችበትን ኮከብና የግራ ቀኙን ጎረቤቶች አልፎ እስኪጨርስ ሰባት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ የመከራ ዘመን ነው ይላሉ። ሰባት ዓመት ተኩል! ከፈረንጅ አቆጣጠር ጋር ያለንን ልዩነት አስታውሱ፤ ወይ ሰባት ነው ወይ ስምንት፤ አማካዩን ውሰዱ። ታዲያ ይኼ ሁሉ ሕዝብ እስከ ዛሬ ለምን እንዲህ ሆንን እያለ ሲጠይቅ ይኖራል።

ሕንዶቹ ጥንቃቄያቸውም ደስ ይላል። ጃኑዋሪ 14 ገደማ፣ የእኛው ጥር 6 መሆኑ ነው፣ መካር ሳንክራንቲ ብለው ፀሐይ ወደ ሰሜን የተመለሰችበትን ቀን በሰሊጥ ጣፋጭና ካይት (በክር የታሰረ ወረቀት) በማብረር ያከብራሉ። ፀሐይ የተመለሰችው ግን ታኅሣሥ 12 ወይም 13 ነው። ምድር እንደሚወዛወዝ እንዝርት ዘንጓን ቀስ እያለች ስለምታዞር፣ በቋሚ ከዋክብት የሚቆጥረው አቆጣጠር በየ72 ዓመቱ አንድ ዲግሪ ያህል እያፈነገጠ፣ ልዩነቱ ዛሬ 24 ዲግሪ፣ ማለትም 24 ቀን ገደማ፣ ደርሷል። ፀሐይ ራሷ ከሦስት ሳምንት በላይ ዘግይታ ከተከበረች እኔ አንድ ሳምንት በዘገየ ዕቁብ መነጫነጬ ነውር ነው። ቢሽማ የሚባለው የአፈ ታሪካቸው ጀግና ደግሞ ገላው በቀስት ተበሳስቶ፣ በቀስት አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ፀሐይ ወደ ሰሜን እስክትመለስ ብሎ ሞቱን አዘገየ። የእኛ ጀግና ዕዳውን ያዘገያል፤ ቀስቱ የሚወጋው ግን እኔን ነው።

የእኛ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን አሳዘኑኝ። እነሱም ፀሐይና ጨረቃን ሲያስታርቁ ነው የኖሩት። 5500 ላይ 2018 ደምረው 7518፤ በ19 ገድፈው 13፤ አንድ ነሥተው ወንበር 12፤ ከዚያ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30። ይኼ ሁሉ ድካም ጾሙ መቼ እንደሚገባ ለማወቅ ብቻ! ዕቁብ የማይከፈልበትን ሰዓት የሚያወጣ አንድ ቀመር እንኳ ሳያስቀምጡልን አለፉ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ጃያንት ናርሊካር የሚባሉት የሕንድ የፊዚክስ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር 27 ኮከብ ቆጣሪዎችን ፈትነው ነበር። የሁለት መቶ ልጆች የልደት ሰንጠረዥ፤ ግማሾቹ በትምህርት የላቁ፣ ግማሾቹ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው። ለእያንዳንዱ ኮከብ ቆጣሪ አርባ አርባ ሰጥተው፣ የትኛው የየትኛው ነው ለዩ አሏቸው። ከመቶ 46 አገኙ። ወደ ላይ የተወረወረ ሳንቲም ሃምሳ ያገኛል። ሳንቲም ግን ለእናትህ ስም አይጨነቅም።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ አንዱ ኮከብ ቆጣሪ ላይቭ ላይ ገባሁ። ከሪያድ አንዲት ልጅ ደወለች። የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ አሠሪዋ እንዳትሰማት ድምፅዋን አፍና ነው የምታወራው። ከጀርባዋ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይጮኻል። ሁለት ዓመት የላከችው ገንዘብ አገር ቤት ጠፍቶባታል፤ ልመለስ ወይስ ልቆይ ነው ጥያቄዋ። «የእናትሽ ስም?» አላት። ነገረችው። ቆጠረ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ጥላ አለብሽ። መፍትሔው በውስጥ መስመር።» የውስጥ መስመሩ ላይ ያለው ዋጋው ነው።

እዚህ ላይ አላሾፍም። ይኼ ዘረፋ ነው። የሰው ሽንት ቤት አጥባ ያገኘችውን አንዴ በዘመድ የተበላች ልጅ፣ ለሁለተኛ ጊዜ በኮከብ ስትበላ ሺህ ሰው «አሜን» እየጻፈ ያያል። እኔም አየሁ፤ እኔም ዝም አልኩ። ሕንድ አገርም ማርስ ያረፈባት ቤት ክፉ ነው ተብላ፣ ባሏን እንዳትገድል ቀድማ ከዛፍ ወይም ከሸክላ ማሰሮ ጋር የምትዳር ልጅ አለች። የሰማዩ ዕዳ ሁልጊዜ መክፈል የማይችለው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። መክፈል የሚችለውማ ራሁ ላይ ነው።

ደሙን ላብርድ። ትናንት ማታ ሰውዬዬ ደውሎ የምሥራች ነገረኝ። ሊከፍል ነው። ለከፋይም ለተቀባይም የሚስማማ አንዲት ሰዓት ሊያወጣልን ቆርጧል፤ የእሱ ሰንጠረዥ ዝግጁ ነው (የፈረንጁ ማለቴ ነው)፤ የቀረው የእኔ የልደት ሰዓት ነው። በደቂቃ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ የተወለድኩት ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

«ምን አውቄልህ ልጄ። ሰዓት ያለው አባትህ እጅ ላይ ነበር። እሱ ደግሞ እሑድ ነበርና ዕቁብ ሊከፍል ወጥቷል።»