ማስተካከያ፦ የፔፕፋር 400 ሚሊዮን ዶላር ጉዳይ

ባለፈው ጽሑፌ የአሜሪካ ኮንግረስ ፔፕፋር ከተባለው የኤችአይቪ ፕሮግራም 400 ሚሊዮን ዶላር ቀነሰ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ቅነሳው ሐሳብ ነበር እንጂ አልጸደቀም።

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ዋይት ሀውስ ቀድሞ ከጸደቀ በጀት 9.4 ቢሊዮን ዶላር እንዲሰረዝ ኮንግረሱን ጠየቀ። አብዛኛው የውጭ እርዳታ ነው። ከኮንግረሱ ሁለት ምክር ቤቶች አንዱ የሆነው ሴኔት ግን የፔፕፋርን ድርሻ ከሚሰረዘው ውስጥ አወጣው፤ ሐምሌ ላይ የጸደቀው ስረዛ 9 ቢሊዮን ገደማ ነው። እኔ ጥያቄውን ብቻ አይቼ እንዳለቀ ነገር ጻፍኩት።

እዚህ ባሕር ዳር አንድ አንባቢ ደውሎ «መድኃኒቱ ሊቆም ነው እንዴ?» ሲለኝ ክው አልኩ። በቁጥር መሳሳት ሰው ያስደነግጣል፤ ይቅርታ።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ የታዘዘው የ90 ቀን የአሜሪካ የውጭ እርዳታ እገዳ ግን ሌላ ነው። እሱ ላይ የጻፍኩት አይቀየርም።